እስክጠራሽ ድረስ

ይህን ከምታነቡት መካከል ፊቱ ላይ የማያምም ቁስል የወጣበት ሰው ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ልንገረው፤ ስላላመመህ አትናቀው። የሚያምም ነገር ቢያንስ መኖሩን ይነግርሃል። የእኔው ግን ዝም ብሎ ነበር ሥራውን የሚሠራው። ማታ ስተኛ የተውሁትን ጠዋት ሰፍቶ አገኘዋለሁ። እኔ ስተኛ እሱ ሳይተኛ የሚያድር ይመስለኝ ነበር።

ዝናሽ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ከእብናት ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች ትምህርት ቤት ነበርሁ። የመምህራን መኖሪያው ከዓለት ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ሽኮኮዎች ከዓለቱ ስንጥቅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኔም ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ የልጆች ደብተር አርም ነበር። ሽኮኮዎቹን የማነሣቸው በኋላ ስለምፈልጋቸው ነው። ያን ጊዜ መልካም ጎረቤቶች ነበሩ፤ ከአንዳንዱ መምህር ይሻሉ ነበር ብል የሚቀየመኝ አይኖርም።

ደብረ ታቦር ገብተን ክረምቱ ሲጀምር ከአፍንጫዬ ጎን አንዲት ብጉር ወጣች። መድኃኒት ቤት ሄጄ ቅባት ገዛሁ። ብጉሯ ቅባቱን ወደደችው መሰለኝ አደገች። ቀላች፣ አበጠች፣ ከላይዋ ቅርፊት ያዘች። ቅርፊቱ ሲነሣ ከሥሩ ጥሬ ሥጋ ነው። በጣቴ ስነካው ምንም አይሰማኝም። ያ ነበር መጀመሪያ ያስፈራኝ። የራሴን ፊት እየነካሁ የሌላ ሰው ፊት የነካሁ ያህል ነበር።

አከራያችን እትዬ ብርቄ ገና ሲያዩኝ በሽታውን አወቁት። «የሌሊት ወፍ ሸንቶብሽ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አሉኝ። በእኛ አገር ይህን የማያምን የለም። የሌሊት ወፍ ሽንት የነካው ፊት እንዲህ ይቆስላል ይባላል። ቤታችን ደግሞ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሌሊት ወፍ ሞልቶበታል። ምሽት ላይ ሲወጡ የጨርቅ መተርተር የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ አስማረ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ የተማረ ሰው ነው። እሱም አመነ። ጣራው ሥር በርበሬ አጨሰና እኛ እየሳልን፣ እንባችን እየወረደ ከቤት ወጣን። የሌሊት ወፎቹ ግን እዚያው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነጠላ ተከናንቤ መተኛት ጀመርሁ። ከጨለመ በኋላ ከራሴ በላይ ሲንኮሻኮሹ ስሰማ፣ የትኛዋ ናት እያልሁ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥ ነበር።

መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ የሚዋጥ ሰጠኝ። ሁለተኛው «ፈንገስ ነው» ብሎ የሚቀባ ሰጠኝ። ሦስተኛው ጋ የነበረው ሐኪም ጎልማሳ ነው። ነጠላዬን ስገልጥለት ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ። «ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል» አለ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ካርዱን ማገላበጥ ጀመረ። ስሙን እሱ ባይጠራው እኔ ጠራሁት፤ ካንሰር። ያን ቀን ከክሊኒኩ እስከ ቤቴ ድረስ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየተሰናበትሁ ነበር የሄድሁት። ልጄ ገና ትንሽ ናት፤ መቼ ታድግልኛለች እያልሁ መንገድ ላይ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሄድሁበት የለም። ሐሙሲት ገበያ አጠገብ ያለ መድኃኒት አዋቂ የቅጠል ዱቄት ለጠፈብኝ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ቁስሉ ወደ ጉንጬ ወጣ፣ ወደ ላይኛው ከንፈሬም ወረደ። ተመልሼ ሳሳየው ሰውዬው አልደነገጠም። «ሥር ይዟል። በሚመጣው ገበያ ተመለሽና በጋለ ብረት እተኩሰዋለሁ» አለኝ። ከእሱ ስወጣ፣ ከአስማረ ጋር እግረ መንገዳችንን ነው ብለን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድን። በሴቶቹ በኩል ገብቼ ነጠላዬን ስገልጥ፣ አንዷ ልጇን ብድግ አድርጋ ወጣች። ሌላዋም ተከተለች። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል በእንፋሎቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አስማረን «ዛሬ ፍል ውኃውን ለብቻዬ ለቀቁልኝ፤ የንጉሥ ልጅ ሆኜ ዋልሁ» አልሁት። አልሳቀም። እኔም ሳቄ አልመጣም።

ትምህርት ቤት ስገባ አንዲት ተማሪዬ አይታኝ ጮኸች። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ «እስኪሻልሽ ቤተ መጻሕፍቱን ያዥልን» አለኝ። ቤተ መጻሕፍት የሚለው የተሰባበረ ዴስክ የሚከማችበትን ክፍል ነው። መጽሐፍ ሊዋስ የመጣ አንድም ሰው አላየሁም።

ቤትም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አስማረ «ልጅቷ እንዳትረበሽ» ብሎ ፍራሹን ሳሎን አወጣ። ልጅቷ የምትተኛው ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። እኔም አልተከራከርሁትም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መስተዋቱን ከግድግዳ አውርዶታል። ምስማሩና አራት ማዕዘን የሆነ ነጣ ያለ ቦታ ቀርቷል። ለእኔ አዝኖ እንዳደረገው አውቃለሁ። ነገር ግን ያንን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ፊቴን የማላውቅ ሰው እሆን ነበር። ልጃችን ቤዛ ደግሞ እራት ላይ ትኩር ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ፊትሽ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ። አስማረ ተቆጣት። እኔ ግን አልተቆጣሁም። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

በእኛ ሥርዓት ደም ወይም መግል የሚወጣው ቁስል ያለበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ አያስቀድስም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አድማሱ ልነግራቸው ሄድሁ። ነጠላዬን ገልጬ አሳየኋቸው። ፊታቸውን አላዞሩም።

«እስኪደርቅ ድረስ ከደጅ ሆነሽ አስቀድሺ፤ እዚያም ይሰማል» አሉኝ። «ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግርሻለሁ።»

«ባይደርቅስ አባቴ?»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ቁስለኛውን እፈውሳለሁ ብቻ አላለም» አሉኝ። «የተጣለች ያሏትን እመልሳታለሁም ብሏል። ቃል የገባው ሁለት ነገር ነው። ሁለቱንም ያዢ።»

እኔ የያዝሁት አንዱን ነው። መዳን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በየሰንበቱ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ ከግንቡ ሥር መቆም ጀመርሁ። ቅጥሩ ውስጥ ሆነው የሚያስቀድሱ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ግን ወደ ሕንፃው ቀረብ ብለው ነው። እኔ የመረጥሁት ሰው የማይደርስበትን፣ መቃብሮቹ ያሉበትን ጥግ ነው። የደብረ ታቦርን ጭጋግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሲወርድ ከፊት ለፊት ያለው ዋርካ እንኳ ይጠፋል። የቅዳሴው ዜማ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ በጭጋጉ ውስጥ ይመጣል። በመጀመሪያው ሰንበት ዓይኔ ጭጋጉን ሲለምድ ብቻዬን እንዳልሆንሁ አየሁ።

ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ አሮጌ መቃብር አጠገብ፣ አንዲት ሴት ቆመዋል። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበዋል። አይሰግዱም፣ አይንቀሳቀሱም። ፊታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ወደ መቃብሩ ነው። እጅ ነሣሁ። መልስ አልሰጡኝም። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን ዞር ብዬ ባይ የሉም።

በሚቀጥለው ሰንበት ቀድሜ ልድረስ ብዬ በጠዋት ወጣሁ። እዚያው ቆመዋል። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ነው። ቀድሜያቸው ደርሼ አላውቅም፤ ሲሄዱም አይቻቸው አላውቅም። ዘበኛውን «እዚያ ጥግ የሚቆሙት እናት ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ወዳሳየሁት አቅጣጫ ትክ ብሎ አየና «እዚያማ ማን ይቆማል፣ መቃብር ነው» አለኝ። ደግሜ ላሳየው ብዞር ጭጋጉ ሸፍኖት ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ የሞተ ሰው ያየሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የባሰም አሰብሁ። ልብሳቸው የእኔው ነው፤ አከናነባቸው የእኔው ነው፤ የቆሙበት ቦታ ከእኔ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ወደፊት የምሆነውን ነው የማየው አልሁ። አልድንም፤ እዚህ ግንብ ሥር አረጃለሁ፤ አንድ ቀን ዘበኛው እኔንም አያየኝም። ለአስማረ ብነግረው ወደ ጠበል ውሰዷት ይላል ብዬ ዝም አልሁ።

የመድኃኒት አዋቂው የቀጠረኝ ገበያ ሊደርስ ሲል ያለው ሰንበት ነበር። ልተኮስ ቆርጬ ነበር። ከዚህ ፊት ጋር ከመኖር ጋለም ቀዘቀዘም ብረቱ ይሻላል ብዬ ነበር። ቅዳሴው መሃል ላይ ከጎኔ የሻከረ፣ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«ያምሻል?»

ሴትዮዋ ናቸው። ሳይሰማኝ ቀርበውኛል። ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

«አያምም እናቴ» አልሁ።

«አዎ» አሉ። «አያምም። የኔም አያምም ነበር። በብረት ሲተኩሱኝ ነው ያመመኝ። እንዳታስተኩሽው።»

ስለ ብረቱ ለአንድም ሰው አልነገርሁም፤ ከአስማረ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን እንደነገራቸው ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ወደ መቃብራቸው ተመልሰው እንደ ቀድሞው ቆመው ነበር።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ አስማረን «ገበያ አልሄድም። ትልቅ ሆስፒታል ውሰደኝ» አልሁት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ፈቃድ ጠየቀ፣ ቤዛን እናቱ ጋ አደረሰ፣ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ወደ ሌላ ወንበር ሲዛወር፣ አስማረ ከኋላ ተነሥቶ መጥቶ በቦታው ተቀመጠ። ለእኔ የዚያን ቀን ምሕረት ያ መቀመጡ ነበር።

የቆዳ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ያለነው ሁላችንም የሸፈንነው ነገር ነበረን፤ አንዱ እጁን፣ አንዷ አንገቷን፣ እኔ ፊቴን። ከልምዴ የተነሣ ከሰው ራቅ ብዬ ጥግ ያዝሁ። ጆሮው በፋሻ የተጠቀለለ አንድ ገበሬ አየኝና ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገው። «ነይ ጠጋ በይ እቴ፤ እዚህ ማን ከማን ይሸሻል?» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥሁ። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ሐኪሟ ሴት ናት። «ነጠላውን አውርጂው» አለችኝ፤ አወረድሁት። ወንበሯን ወደ ኋላ አልሳበችም፤ ወደ ፊት ሳበች። ከቁስሉ ጠርዝ ላይ በትንሽ ስለት ፋቅ አድርጋ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ካንሰር ትለኛለች እያልሁ እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ። ሲመጣ ግን ሌላ ስም ጠራች።

«ቁንጭር ነው። ለዓይን በማይታይ ተውሳክ የሚመጣ ነው። ይድናል።»

ይድናል ማለቷን ነው የሰማሁት፤ የቀረውን ሁለት ጊዜ አስደገምኋት። በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር ድምፅ የሌላት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች። ከሽኮኮ ደም ስትጠጣ ተውሳኩን ትይዛለች፤ ማምሻውን ሰው ስትነክስ ታሻግራለች። ቁስሉ የሚወጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ ነገሩን ከዝንቧ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ያ ደጃፍ፣ ያ ዓለት፣ እነዚያ መልካም ጎረቤቶች ትዝ አሉኝ።

«የሌሊት ወፍስ?» አልኋት።

«የሌሊት ወፍ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

አስማረ መሬት መሬት አየ። በርበሬው ትዝ ብሎት ነው።

«ከሰው ወደ ሰው በመንካት አይተላለፍም» አለች ቀጥላ። «ባለቤትሽ የት ነው የሚተኛው?»

«ሳሎን።»

ጓንቷን አውልቃ ጤነኛ ጉንጬ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ዓይኗን ወደ አስማረ አድርጋ «ወደ አልጋው ይመለስ» አለች። የዚያች ሴት እጅ እንዴት ይሞቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ለሳምንታት እዚያው ተኝቼ ነው የተወጋሁት። መገጣጠሚያዬን ሁሉ ቆረጠመኝ። የምበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል። መርፌው ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የልቤ ምት በመሣሪያ እየታየ ነበር የምወጋው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ይህን መድኃኒት ከሐኪም እጅ ውጭ እንዳይሞክረው። አንዳንዴ መብራት ሲጠፋ ቁስሉ የሚያይ ይመስለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። አስማረ ግን እየተመላለሰ ሹሮ ያመጣልኛል፤ ብረት ብረት ቢለኝም ደስ እንዲለው እበላለሁ። ቀስ በቀስ ቅርፊቱ ደረቀ። አንድ ቀን ወደቀና ከሥሩ ጥሬ ሥጋ ሳይሆን ቆዳ አገኘሁ። ስነካው ተሰማኝ፤ አመመኝም። ስላመመኝ ያመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ስመለስ አስማረ መስተዋቱን ሰቅሎታል። ጠባሳው ከአፍንጫዬ እስከ ከንፈሬ ወርዷል፤ ሁልጊዜም ይኖራል። ቤዛ በጣቷ ነክታ «ሄደ?» አለችኝ። ሄደ አልኋት። ታሪኩ እዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

በሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቁስሌ ደርቋል፤ የሚከለክለኝ ነገር የለም። ቅጥሩን አልፌ፣ ደረጃው ጋ ደርሼ፣ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ግን እግሬ እምቢ አለኝ። መምሬ አድማሱም ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ ብለው ነበር፤ ገና አልነገሩኝም እኮ። ነጠላዬን ከፍ አድርጌ ወደ ግንቤ ተመለስሁ። እዚያ ስደርስ ተንፈስ አልሁ። እንደ ቤቴ ነበር የተሰማኝ።

ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ሴትዮዋ እንደ ወትሮው ከመቃብሩ አጠገብ ቆመዋል። አሁን ግን ልቤ ጠንክሮ ስለነበር ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁና ጠባሳዬን ገለጥሁላቸው።

«ደረቀልሽ» አሉኝ።

«ደረቀልኝ። አላስተኮስሁትም። እናቴ፣ ብረቱን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ሁሉም መጨረሻው ብረት ነው» አሉ። ከዚያም ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው አወረዱት። ግማሽ አፍንጫቸው የለም። ጉንጫቸው ላይ ያለው ጠባሳ የነጣ፣ የተሸበሸበ፣ አሮጌ ነው። ከፊታቸው ጋር አብሮ አርጅቷል።

«የአንቱስ መቼ ደረቀ?»

«ኧረ እኔ! ገና ጠጉሬ ሳይሸብት ነው።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

ሲገርማቸው አየሁ። «አልተጠራሁማ» አሉኝ። «የንስሐ አባቴ ‹እስክጠራሽ ድረስ ከዚህ ቁሚ› ብለውኛል። አልጠሩኝም።»

«ማን ናቸው የንስሐ አባትዎ?»

እጃቸውን ዘርግተው መቃብሩ ላይ አሳረፉ። «መምሬ ዋሴ» አሉ። «ይጠሩኛል። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው።»

የመቃብሩ ድንጋይ እጃቸው በሚያርፍበት በኩል ልሟል። ሰው ለዕድሜ ልኩ የዳሰሰው ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ የፈራሁት የሞተ ሰው ስላየሁ አልነበረም። እኔም እዚያው ለመቆም ስለተመለስሁ ነው።

«የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ወለተ ሥላሴ። በሱ የጠራኝ ሰው ከሞተ ቆየ።»

መምሬ አድማሱን ያገኘኋቸው ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ነው። ያን ሰንበት ተረኛ ስላልነበሩ ከውጭ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ዘበኛውም ይሰማ ነበር። «እሳቸውን ነው እንዴ?» አለ ተሸማቆ። «ሁሌ ስላሉ እኮ ነው፤ ዓይኔ አይዛቸውም።» መምሬ አድማሱ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መምሬ ዋሴ ሲቀበሩ ዲያቆን ነበርሁ» አሉ። «በድንገት ነው የሞቱት። ለማንም የነገሩት ነገር የለም።» ቀና ብለው ጠባሳዬን ያዩት ገና አሁን ነው። «አንቺስ? መቼ ነው የደረቀልሽ?»

«ሰንብቷል አባቴ።»

«እነግርሻለሁ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኝ ነበር።»

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔም ረሳሁሽ» አሉ። «ዛሬ ሞቼ ቢሆን አንቺም መቃብሬ አጠገብ ትቆሚ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስሁ። እግዚአብሔር ቃል የገባው ሁለት ነገር ነው ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁስሉን ሐኪም አድኖልኛል። የሚመልሰኝ ግን አልነበረም፤ የሚመልሰኝ እንደሚያስፈልገኝም አላወቅሁም ነበር።

«ስማቸውን ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ይህ ግዝት አይደለም፤ ለሳቸው ግን ከግዝት በልጧል። በመምሬ ዋሴ ቦታ ሆኜ እጠራቸዋለሁ።»

በጭጋጉ ውስጥ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ሴትዮዋ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። መምሬ አድማሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። እንባው ድምፃቸውን ይዞባቸው ነበርና አፋቸው ተከፍቶ ትንሽ ቆዩ።

«አቤት!» አሉ ሴትዮዋ።

የሻከረው ቀጭን ድምፅ አልነበረም። የወጣት ሴት ድምፅ ነው። «አቤት አባቴ፣ መጣሁ!» ብለው ከመቃብሩ ላይ እጃቸውን አነሡ። ዞሩ፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ፊታቸው ተገልጧል። በእኔና በመምሬ አድማሱ መካከል፣ ሁለታችንንም ሳያዩ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ አለፉ። ደረጃው ጋ ጫማቸውን አውልቀው፣ መቃኑን ስመው ገቡ።

መምሬ አድማሱ መስቀሉን እንደ ያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ዝናሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጠራኋቸው እንዴ?»

«አልጠሩም አባቴ» አልኋቸው።

ወደ መቃብሩ አዩ። አማተቡ። ወደ እኔ ዞረው «ግቢ ልጄ» አሉኝ። እኔን የጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ቁስላችሁ ላልደረቀው ብቻ አይደለም። ለእናንተስ ተናግሬያለሁ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ፣ ብረት አታስነኩት። ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ከግንብ ሥር የቀራችሁ ግን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔ እዚያ ቆሜ አይቻለሁ። ሰው ሊረሳችሁ ይችላል፣ የጠበቃችሁት ሰው ሊሞትም ይችላል። እመልሳችኋለሁ ያለው ግን አልረሳም፣ አልሞተምም።

ስገባ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። እሳቸው ከዓምዱ አጠገብ ቆመዋል፤ ፊታቸው አሁንም እንደተገለጠ ነው። አጠገባቸው ስደርስ ሳይዞሩ ክንዴን ያዙኝ።

«አየሽ፣ ይጠሩኛል ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።»

ማን እንደጠራቸው አልነገርኋቸውም፤ አላውቅምና። ነጠላዬን ከፊቴ አውርጄ አጠገባቸው ቆምሁ።